የተቀለደባት አገር ሳቅ፤ የኦስካር ዋይልድ ኮሜዲ በአውስትራልያ መድረክ

አንድ የቴአትር ድርሰት የሚመዘነው መጀመሪያ በታየበት መድረክ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ተለምዷል። ድርሰቱ በታላቅ ከተማ፥ በታላቅ ቴአትር ቤት፥ በታላላቅ ሰዎች ፊት ታይቶ ከተጨበጨበለት ነገሩ ተፈጸመ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ተሻግሮ በሩቅ አገር ሲታይ እንደ ማዕድ ትራፊ እንጂ እንደ አዲስ ግብዣ አይቈጠርም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ይህ አስተሳሰብ የማያስኬድ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥነውም ኦስካር ዋይልድ በንግሥት ቪክቶርያ ዘመነ መንግሥት የጻፈውን አንድ ኮሜዲ፥ ይኸውም ኮሜዲ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በአውስትራልያ ያጋጠመውን ዕድል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የድርሰቱ ርእስ በእንግሊዝኛ ሁለት ፍች አለው። «ኤርነስት» የሰው ስም ነው፤ በዚያው ድምፅ የሚነገረው ሌላው ቃል ደግሞ ቁም ነገረኛ፥ ልበ ቅን፥ ከአንገት በላይ ያልሆነ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ርእሱ ኤርነስት የመባልንም፥ ቁም ነገረኛ የመሆንንም ጥቅም በአንድ ጊዜ ይናገራል። ፈረንሳዮች ድርሰቱን ወደ ቋንቋቸው ሲመልሱ ስሙን «ኮንስታን» ብለውታል፤ ይህም ቃል ለእነርሱ የሰው ስምም ነው፥ «ጽኑ» ማለትም ነው። የእኛ አገር ስም አብዛኛው ትርጓሜ ያለው ስለ ሆነ፥ ሰውየውን «እውነቱ» ብለን ብንጠራው የደራሲው ቀልድ ብዙ ሳይደክም ወደ አማርኛ ሊገባ ይችላል።

ታሪኩን በአጭሩ እንናገር። ጃክ ዎርዚንግ የሚባል ጐልማሳ በገጠር ርስቱ ላይ የተከበረ ጌታና የአንዲት ወጣት ልጅ ሞግዚት ነው። ሎንዶን ሄዶ መደሰት ሲያሰኘው ግን «ኤርነስት የሚባል አስቸጋሪ ወንድም አለኝ፤ እርሱን ላድነው እሄዳለሁ» እያለ ከቤቱ ይወጣል፤ ሎንዶን ሲደርስም ራሱን ኤርነስት ያሰኛል። ወዳጁ አልጀርኖን ደግሞ በበኩሉ ከማይወደው ግብዣ ለማምለጥ ሲሻ በገጠር የሚኖር በሽተኛ ወዳጅ ይፈጥራል። ሁለት ወጣት ሴቶች ኤርነስት የተባለ ወንድ ካልሆነ አናገባም ብለው ቈርጠዋል። ከሴቶቹ የአንዷ እናት እመቤት ብራክኔል ጃክን ለልጃቸው ባልነት ሲመረምሩት፥ ሕፃን ሳለ በቪክቶርያ ባቡር ጣቢያ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ መሆኑን ሰምተው ያባርሩታል። በመጨረሻው ግን ይህ ወላጆቹ የማይታወቁ ሰው የእመቤት ብራክኔል የእኅታቸው ልጅ፥ የአልጀርኖንም ታላቅ ወንድም ሆኖ ይገኛል፤ የክርስትና ስሙም በእርግጥ ኤርነስት ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ የኖረ መስሎት ሳያውቅ እውነት ሲናገር ኖሯል።

ይህ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1895 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ ጄምስ ቴአትር ቤት ነው። የቴአትር ቤቱ ሹም ተዋናዩ ጆርጅ አሌክሳንደር ራሱ ጃክን ሆኖ ተጫወተ። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። ከሐያስያን መካከል እንደ ደራሲው አየርላንዳዊ የነበረው በርናርድ ሾው ብቻ፥ ቢያስቀውም የሰው ልብ የሌለበት ቀዝቃዛ ሥራ ነው ሲል ቅር መሰኘቱን ጻፈ። በዚያች ምሽት ግን ከቴአትር ቤቱ ደጅ ሌላ ቴአትር ተጀምሮ ነበር። የኩዊንስበሪ ማርኪስ፥ ልጃቸው ከዋይልድ ጋራ ባለው ወዳጅነት ተቈጥተው፥ የበሰበሰ አትክልት ይዘው ሊገቡና ደራሲውን ሊያዋርዱ ፈለጉ፤ በፖሊስም ተከለከሉ። ከአራት ቀን በኋላ ዋይልድ አባል ለሆነበት ክበብ የስድብ ቃል የጻፉበትን ካርድ ትተው ሄዱ። ዋይልድም ስሜን አጠፉ ብሎ ከሰሳቸው።

ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ማርኪሱ ንጉሥ ባይሆኑም የእንግሊዝ መኳንንት በፍርድ ቤት ፊት ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው ደራሲው በቶሎ ተረዳ። በኤፕሪል ወር የጀመረው ክስ በራሱ ላይ ተመለሰበት፤ ከወንዶች ጋራ ግንኙነት አድርጓል ተብሎ፥ ይህም በዚያን ጊዜ ሕግ ወንጀል ስለ ነበረ፥ ሜይ 25 ቀን 1895 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋራ እስራት ተፈረደበት። እኛን ይልቁን የሚመለከተን ግን በመካከሉ በቴአትር ቤቱ የተደረገው ነው። ደራሲው ከተያዘ በኋላ ስሙ ከማስታወቂያውና ከመርሐ ግብሩ ተፋቀ። ቴአትሩ ያለ ደራሲ፥ አባት እንደሌለው ልጅ፥ ጥቂት ሳምንት ታየ፤ በሜይ ወር መጀመሪያ፥ ሰማንያ ከሚበልጥ ትርኢት በኋላ፥ ተዘጋ። በኒው ዮርክም በዚያው ኤፕሪል ወር ተከፍቶ ብዙ ሳይቈይ ወረደ። ድርሰቱ በ1899 ዓ.ም. በመጽሐፍ ሲታተም እንኳ የደራሲው ስም አልተጻፈበትም። በጨዋታው ውስጥ ጃክ የፈጠራ ወንድሙን «በፓሪስ ሞተ» ብሎ ያስለቅስለታል፤ ደራሲውም ከእስር ወጥቶ ኖቬምበር 30 ቀን 1900 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ።

ስለ ጆርጅ አሌክሳንደር ፍትሕ ለመናገር ያህል፥ ስሙን የፋቀው እጅ ኋላ ሊክስ ሞክሯል። ደራሲው ሲከስር የድርሰቱን የመድረክ መብት ገዝቶ፥ ቴአትሩን በ1902 ዓ.ም. እንደገና አሳይቶ፥ መብቱንም ለዋይልድ ልጅ አውርሶ አልፏል። እንግዲህ የሎንዶን ታሪክ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውም እስከዚህ ድረስ ነው።

ወደ አውስትራልያ ከመሻገራችን በፊት አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ቅኝ ግዛቶቹ በድርሰቱ ውስጥ አስቀድመው ገብተዋል። የገቡት ግን እንደ አገር ሳይሆን እንደ ቀልድ ነው። አስቸጋሪው ወንድም ወደ አውስትራልያ ሊላክ እንደ ታሰበ ሲነገረው፥ መሞት ይሻለኛል ባይ ነው፤ ያቺን አገርና ወዲያኛውን ዓለም በአንድ ሚዛን አስቀምጦ፥ የሁለቱም ወሬ ደስ አያሰኝም ይላል። አስተማሪይቱ ሚስ ፕሪዝም ወጣቷ ልጅ የኤኮኖሚ መጽሐፍ እንድታነብ ስታዝዝ፥ የሕንድ ሩፒ ስለ መውደቁ የሚናገረውን ምዕራፍ እንድትዘለው ትመክራለች፤ ለልጃገረድ እጅግ ስሜት የሚቀሰቅስ ነውና። የጃክ አባት ጄኔራሉም ጠባያቸው የተበላሸው በሕንድ አየር፥ በትዳርና በሆድ ሕመም ነው ይባላል። በሎንዶን ለተቀመጠ ተመልካች ሕንድ የሆድ ሕመም ናት፤ አውስትራልያም የማይረቡ ልጆች የሚጣሉባት ጓዳ ናት።

ቀልዱ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም። እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 ዓ.ም. ድረስ ወንጀለኞቿን ወደ አውስትራልያ ስታግዝ ኖራለች። ግዞቱ ከቀረ በኋላም፥ ዕዳ ያበዛ ወይም ያሳፈረ የባለጸጋ ልጅ ሲኖር፥ ቤተ ሰቡ በየጊዜው ገንዘብ እየላከለት እዚያው እንዲቀር ማድረግ የታወቀ ልማድ ነበር። ስለዚህ አንድ የሜልቦርን ነጋዴ ወይም የትምህርት ቤት መምህር ቴአትር ቤት ገብቶ ይህን ቃል ሲሰማ፥ የሚቀለደው በሌላ ሰው ሳይሆን በራሱ አገር፥ ምናልባትም በገዛ አባቱ ታሪክ ነበር። የኮሜዲ እውነተኛ ፈተና እዚህ ላይ ነው። በሌላው ሰው ላይ ሲቀለድ መሳቅ ማንም ይችላል። በራስ ላይ ሲቀለድ መሳቅ ግን ወይ ከባርነት ይመጣል፥ ወይ ከልብ ነጻነት ይመጣል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ቴአትሩ በሜልቦርን የተከፈተው በኦገስት ወር 1895 ዓ.ም. ነው። ያሳዩት ሮበርት ብራፍና ታናሹ ዳዮን ቡሲኮ የሚመሩት የኮሜዲ ጓድ ተዋንያን ናቸው። ብራፍ በኮሜዲ የታወቀ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነበረ፤ ቡሲኮ ደግሞ በዘመኑ ገናና የነበረው አየርላንዳዊው ደራሲ የዳዮን ቡሲኮ ልጅ ነው። ልጁ ከአባቱ ጋራ በ1885 ዓ.ም. ለትርኢት ወደ አውስትራልያ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ በሚከተለው ዓመት ከብራፍ ጋራ ተሻርኮ፥ የሎንዶንን አዳዲስ ኮሜዲ በጥሩ ዝግጅት ማሳየትን ሥራው አደረገ። ኋላም ወደ ሎንዶን ተመልሶ በ1904 ዓ.ም. «ፒተር ፓን»ን ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ያዘጋጀው ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ የሜልቦርን ተመልካች ያየው የተንጋደደ ቅጂ አልነበረም፤ ሙያቸውን የሚያውቁ ሰዎች ያሰናዱት ሥራ ነበር።

አሁን ቀኑን ልብ እንበል። ደራሲው ከተፈረደበት ገና ሦስት ወር አልሞላውም። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፥ «አገሩ ሩቅ ስለ ሆነ ወሬው አልደረሳቸውም ይሆናል» ሊል ይችላል። ይህ ግን ስሕተት ነው። አውስትራልያ ከ1872 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌግራፍ ሽቦ ከሎንዶን ጋራ ተገናኝታ ነበር፤ የፍርድ ቤቱም ወሬ በየጊዜው በጋዜጦች ታትሟል። በመርከብ የሚመጣው ሰውና ዕቃ ግን ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። እንግዲህ የደራሲው ውርደት በሽቦ ቀድሞ ገባ፤ ሥራው በመርከብ ተከትሎ ደረሰ። የሜልቦርን ሰው መጀመሪያ ፍርዱን አነበበ፥ ቀጥሎ ቴአትሩን አየ። አይቶም ወደደው። ቴአትሩ ወዲያው ተወዳጅ ሆነ፤ የዋይልድ ውድቀት በዚያች አገር ሥራዎቹን ተመልካች አላሳጣቸውም።

ይህ ነገር የሚያስገርመን ለምንድን ነው? ሎንዶንና ሜልቦርን የሚተዳደሩት በአንዲት ንግሥት፥ የሚናገሩት በአንድ ቋንቋ፥ የሚያነቡት በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የሜልቦርን ሰው ከሎንዶን ሰው ይልቅ በሥነ ምግባር ልል ነበረ የሚያሰኝ ምክንያት የለንም። ልዩነቱ ከሌላ የመጣ ይመስለናል። በሎንዶን ቴአትር ቤት የተቀመጠው ተመልካች ከደራሲው ጋራ ግብዣ የበላ፥ ያጨበጨበለት፥ በመንገድ ሰላም ያለው ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ሲወድቅ ዕድፉ የሚተርፈው መሰለውና ከስሙ ሸሸ። ስሙን መፋቁ ከጽድቅ ይልቅ ከፍርሃት የመጣ ነው። የሜልቦርን ሰው ግን ደራሲውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ድርሰቱን ብቻ ነው። ርቀቱ ከወሬ ባያድነውም፥ ከፍርሃት አዳነው። በሩቅ ያለ ተመልካች አንዳንድ ጊዜ ከቅርቡ ይልቅ ትክክለኛ ዳኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያው ቃል በሌላ አገር ሲነገር ያው ቃል ሆኖ አይቀርም። ሜልቦርን በ1851 ዓ.ም. በተገኘው ወርቅ ድንገት የበለጸገች ከተማ ነበረች፤ በ1880ዎቹ ዓመታትም መሬትና ሕንጻ እየተሻሻጡ ሀብት ሰማይ የነካ መስሎ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ግን ነገሩ ሁሉ ተናደ፤ ብዙ ባንኮች በራቸውን ዘጉ፥ የብዙ ሰውም የቍጠባ ገንዘብ እንደ ጉም ተነነ። በዚያው ዓመት የሕንድ መንግሥት፥ የብር ማዕድን ዋጋ በመውደቁ ምክንያት፥ ለማንም ሰው ብር ተቀብሎ ሩፒ መቅረጹን አቆመ፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያ 2 ሺሊንግ ገደማ ያወጣ የነበረው ሩፒ ቴአትሩ በታየበት ጊዜ ወደ 1 ሺሊንግ ከጥቂት ፔኒ ወርዶ ነበር። በሎንዶን የሩፒ መውደቅ አስተማሪይቱን የሚያስቅባት ደረቅ የመጽሐፍ ምዕራፍ ነው። ባንኩ በተዘጋበት ሰው ጆሮ ግን የገንዘብ መውደቅ በእርግጥ እጅግ ስሜት የሚቀሰቅስ ነገር ነበር፤ ሚስ ፕሪዝም ሳታውቅ እውነቷን ተናገረች። የእጅ ሻንጣውም እንዲሁ ነው። ወላጁ የማይታወቀው ልጅ የተገኘበት ጣቢያ ቪክቶርያ ይባላል፤ ሜልቦርን ዋና ከተማ የሆነችበት ቅኝ ግዛትም ስሟ ቪክቶርያ ነው። የዘር ሐረጉን ለመቍጠር የማይወድ ሰው በሞላበት አገር፥ «አባትህ ማን ነው?» እያሉ የሚመረምሩት እመቤት ብራክኔል በሎንዶን ከሚመስሉት የበለጠ የሚያስፈሩ፥ ስለዚህም የበለጠ የሚያስቁ ሰው መሆን አለባቸው።

እዚህ ላይ ግን ብዕራችንን ገታ አድርገን ራሳችንን እንጠይቅ። የሜልቦርንን ተመልካች ስናመሰግን፥ ተመልካቹ ማን እንደ ነበረ መርሳት አይገባንም። ከተማይቱ በ1835 ዓ.ም. የተቈረቈረችው የኩሊን ሕዝቦች ለብዙ ሺህ ዓመታት በኖሩበት መሬት ላይ ነው። ቴአትሩ ከመታየቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት፥ በ1886 ዓ.ም.፥ የቪክቶርያ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ከነጭ የተወለዱት የአገሩ ተወላጆች ከተጠጉበት መንደር ከወላጆቻቸውና ከዘመዶቻቸው ተለይተው እንዲወጡ ተደርጓል። በመድረኩ ላይ በሻንጣ የተጣለ ሕፃን ወላጆቹን አግኝቶ ሰው ሁሉ ሲደሰት፥ ከከተማው ውጭ ሕግ ልጆችን ከወላጆቻቸው ይለይ ነበር። እነዚያ ሰዎች በድርሰቱ ውስጥ እንደ ቀልድ እንኳ አልገቡም። የሕንዱም ቀልድ እንደዚሁ ነው፤ የሩፒ መውደቅ ደመወዙ የቀነሰበትን እንግሊዛዊ ሹም ያስታውሰናል እንጂ ግብር የሚከፍለውን የሕንድ ገበሬ አያስታውሰንም። ስለዚህ በቅኝ ግዛት የሳቀው፥ በቅኝ ግዛቱ ውስጥ የቅኝ ገዢውን ወንበር የያዘው ክፍል ነው። ይህን ማለታችን የቴአትሩን ጥበብ ለመንቀፍ አይደለም፤ የሳቁን ወሰን ለማመልከት ነው።

ስለ ደራሲውም አንድ ቃል እንጨምር። ዋይልድ በእንግሊዝ ባላባቶች ቋንቋ እየጻፈ የእንግሊዝን ባላባቶች ቢያስቅም፥ ትውልዱ አየርላንዳዊ ነው። በ1854 ዓ.ም. በደብሊን ተወለደ፤ እናቱም «ስፔራንዛ» በሚል የብዕር ስም ለአየርላንድ ነጻነት ቅኔ የጻፉ ሴት ነበሩ። አየርላንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ከወደቁት አገሮች ሁሉ ቀዳሚዋ ነበረች ብንል ከእውነት አንርቅም። ታዲያ ይህ ሰው በሁለት ስም የሚኖር፥ በአንድ ስፍራ የተከበረ በሌላ ስፍራ ሌላ የሆነ ጀግና መፍጠሩ ምን ያስደንቃል? ከሰው አገር ገብቶ የሰው አገር ወግ ከባለቤቶቹ ይልቅ አጥርቶ የሚናገር እንግዳ፥ ሁልጊዜ ሁለት ስም አለው። የሜልቦርን ተመልካች ይህን በቃል ባይናገረውም፥ የድርሰቱን ድምፅ የለየው በዚህ ዝምድና ይመስለናል።

የቀረው ታሪክ ረጅም ነው፤ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ እንጥቀስ። ስድስቱ የአውስትራልያ ቅኝ ግዛቶች በ1901 ዓ.ም. ተባብረው አንድ አገር ሆኑ፤ የተቀለደባት አገርም ድርሰቱን እንደ ራሷ ሀብት ማሳየቷን አልተወችም። በ1988 ዓ.ም. የሜልቦርን ቴአትር ጓድ ባዘጋጀው ትርኢት ሩት ክራክኔል እመቤት ብራክኔልን፥ ጄፍሪ ራሽ ጃክን ሆነው ተጫወቱ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2011 ዓ.ም.፥ በዚሁ ጓድ መድረክ ያው ጄፍሪ ራሽ በቀሚስና በባርኔጣ እመቤት ብራክኔልን ሆኖ ቀረበ። ቀደም ሲል ደግሞ ሌላዋ የእንግሊዝ ቅኝ የነበረች አገር ካናዳ፥ በስትራትፎርድ በዓለ ቴአትር በ1975 ዓ.ም. ዊልያም ሃትን በዚሁ ክፍል አሳይታ ነበር። ወንድ በሴት ክፍል መጫወቱ ለሳቅ ብቻ ነው የሚል ይኖራል። ለእኛ ግን ከዚያ የጠለቀ ትርጓሜ ያለው ይመስለናል። እመቤት ብራክኔል ስለ ዘር፥ ስለ ሀብትና ስለ ደረጃ የሚጠይቁት የአሮጌው መንግሥት ድምፅ ናቸው። ያ ድምፅ ማንም ሰው ለብሶት ሊወጣ የሚችል ልብስ መሆኑ ሲታይ፥ ፍርሃቱ ከላያችን ይወርዳል። በአንድ ወቅት እየተመረመረ ይባረር የነበረው ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ልጅ፥ ዕድሜው ሲገፋ የመርማሪዋን ባርኔጣ ራሱ ደፋ።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ የደራሲን ስም ከማስታወቂያ ላይ መፋቅ ቀላል ነው፤ ድርሰቱን ከሰው ልብ መፋቅ ግን አይቻልም። ዛሬ ያንን ስም የፋቀውን እጅ የሚያመሰግን የለም፤ ድርሰቱ ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላም ይታያል። የሰውየውን ጥፋትም ሆነ መከራ ሳንሸፍን ሥራውን በሥራነቱ መመዘን የሒስ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ሁለተኛው፥ ከባሕር ማዶ የመጣን ቴአትር የሚቀበል ሕዝብ ባዶ ዕቃ አይደለም፤ የራሱን ሐዘን፥ የራሱን ኪሣራ፥ የራሱን ዘር ቈጠራ ይዞ ይገባና ድርሰቱን እንደገና ይጽፈዋል። የባዕድ አገር ድርሰት የሚተረጕሙ ደራስያን፥ በየትምህርት ቤቱም ቴአትር የሚያሰናዱ መምህራን ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን። «ይህ ሥራ በሎንዶን እንዴት ታየ?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው፤ «በእኛ ተመልካች ጆሮ ምን ይሆናል? ከተመልካቹስ መካከል ሳቁ የማይደርሰው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የበለጠ ያስፈልጋል።